ሰዓቱ ያልተጻፈበት የደም ናሙና

ክቡር አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ በቅርቡ ስለ ውሾች የካንሰር ሕክምና ያወጣውን ሰፊ ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ብዕር ያስነሣኝ ግን ጽሑፉ ራሱ ሳይሆን ያንኑ ገጽ ቆርጦና አጥፎ በደረት ኪሱ ይዞት የመጣ አንድ ሰው ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የሥራዬም አብዛኛው ክፍል ካንሰር ያለባቸውን ውሾች ማከም ነው። የሰውየው ውሻ ማስት ሴል የሚባለው የቆዳ ካንሰር ስላለባት ቶሴራኒብ የተባለውን ኪኒን አንድ ቀን እየዘለለች መውሰድ ከጀመረች ወራት ተቆጥረዋል።

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋልኝ። በእናንተ ገጽ ላይ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሊደርስበት የሚገባው መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ማይክሮግራም መሆኑን የሚናገረው መስመር በቀይ ተሰምሮበታል፤ ሁለተኛው ወረቀት የውሻይቱ የላቦራቶሪ ውጤት ሲሆን 85 ናኖግራም ይላል። ሰውየው ስሌቱን ቤቱ ጨርሶ ነው የመጣው። «ዶክተር፣ ከሚያስፈልጋት ከአራት መቶ አንድ እጅ እንኳ አላገኘችም፤ ዛሬውኑ ኪኒኑን እጥፍ እናድርግላት» አለኝ።

ስህተቱ የአንዲት ቃል ነው። ትክክለኛው 40 ናኖግራም ሲሆን፣ ናኖግራም የማይክሮግራም አንድ ሺህኛ ስለሆነ የውሻይቱ ደም ከሚፈለገው በታች ሳይሆን ከእጥፍ በላይ ይዞ ነበር። በሰውየው ቃል ተስማምቼ መጠኑን እጥፍ አድርጌው ቢሆን ኖሮ ተቅማጥና ትውከት፣ ሲብስም ከሆድ ዕቃ ደም መፍሰስ ሊከተል ይችል ነበር። ማስተካከያው እንዲወጣ ለመጠየቅ ሁለት መስመር ይበቃኝ ነበር፤ ሆኖም ጽሑፉ ከዚህ ቃል ባሻገር ብዙ አንባቢ የተቀበለው የሚመስል ሌላ ሐሳብ ይዟል፤ ይኸውም በየቀጠሮው የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ የማይለካ ክሊኒክ በግምት የሚሠራ ነው የሚል ነው። በዚህ ሐሳብ በግማሹ እስማማለሁ፤ ግማሹ ግን ውሾችን ሊጎዳ ይችላል ብዬ ስለማምን ነገሩን በዝርዝር ላስረዳ።

የምስማማበትን ላስቀድም። ሚዛን ብቻውን አይበቃም። የአብዛኞቹ የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች መጠን የሚወሰነው በኪሎ ሳይሆን በሰውነት ገጽ ስፋት ነው፤ ይህም ከክብደት ተነሥቶ በቀመር የሚገኝና በካሬ ሜትር የሚገለጽ ቁጥር ነው። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ወደ 0.98 ካሬ ሜትር፣ 5 ኪሎ የሚመዝን ደግሞ ወደ 0.3 ካሬ ሜትር ይመጣል። ዶክሶሩቢሲን የተባለው ቀዩ መርፌ በካሬ ሜትር 30 ሚሊግራም ስለሚሰጥ ትልቁ ውሻ 29 ሚሊግራም ገደማ፣ ትንሹ 9 ሚሊግራም ገደማ ይደርሳቸዋል። ይህን መልሰን በኪሎ ስናካፍለው ትልቁ በኪሎ 1 ሚሊግራም አካባቢ ሲያገኝ ትንሹ 1.8 ሚሊግራም አካባቢ ይሸከማል ማለት ነው። ትናንሾቹ ውሾች በዚህ ቀመር ሲታከሙ ነጭ የደም ሕዋሳቸው በጣም እንደሚያሽቆለቁልና ሆዳቸው ክፉኛ እንደሚታወክ በተግባር ስለታየ፣ ለእነርሱ ቀመሩን ትተን በኪሎ 1 ሚሊግራም እንሰጣለን። እንግዲህ በቁጥር ያጌጠው ቀመራችን ራሱ የግምት ልጅ መሆኑን ጸሐፊው ቢናገር አልቀየመውም።

እኩል የሚመዝኑ ሁለት ውሾችም ቢሆኑ መድኃኒቱን እኩል አያስተናግዱትም። የአንዱ ጉበት ፈጥኖ ይሰባብረዋል፤ የሌላው ያዘገየዋል። ኩላሊቱ የደከመ ውሻ ካርቦፕላቲን የተባለውን ሌላ የኬሞቴራፒ መድኃኒት በጊዜው አጣርቶ ማስወጣት ስለማይችል፣ የተሰጠው በልኩ ቢሆንም ሰውነቱ ውስጥ የሚቆየው ከልክ በላይ ይሆናል። በሰው ሕክምና ለዚህ ችግር እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣ የካልቨርት ቀመር የሚባል ስሌት አለ፤ በእርሱ የካርቦፕላቲን መጠን የሚወሰነው ከሰውነት ስፋት ሳይሆን ኩላሊት በደቂቃ ከሚያጣራው ልክ ተነሥቶ ነው። ለውሻ በብዛት የምንጠቀመው ግን አሁንም በካሬ ሜትር 300 ሚሊግራም የሚለውን ነው። በመሆኑም የኩላሊት ምርመራ ውጤት ሳያዩ ካርቦፕላቲን መስጠት፣ በእኔ ዓይን፣ ጽሑፉ ከወቀሰው ጉድለት እጅግ የከፋ ግዴለሽነት ነው።

ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ልዩነት የዘረመል ነው። ኮሊ፣ የአውስትራሊያ እረኛ፣ የሼትላንድ እረኛ ከሚባሉት ዝርያዎችና ከእነርሱ ከተዳቀሉት ብዙዎቹ ኤምዲአር1 በተባለው ዘረመላቸው ላይ አራት የዲኤንኤ ፊደላት ጎድለው ይወለዳሉ። ይህን ጉድለት እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳወቁት የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። ዘረመሉ የሚያሠራው ፒ-ግላይኮፕሮቲን የተባለ ፕሮቲን በሕዋሱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቪንክሪስቲንን፣ ቪንብላስቲንንና ዶክሶሩቢሲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን ወደ ውጭ የሚገፋ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛው ከሌለ ለሌላው ውሻ ልክ የሆነው መጠን ለዚህኛው መርዝ ይሆናል። ከጉንጭ ውስጥ በትንሽ ብሩሽ የሚወሰድ ናሙና ወይም ጥቂት ደም ይህን አስቀድሞ ይነግረናል፤ መጠኑንም ከመነሻው ቀንሰን እንጀምራለን። ልብ ሊባል የሚገባው፣ እዚህ ላይ ውሻውን የሚያድነው መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ በደም ውስጥ የሚለካው መጠን አለመሆኑ ነው። ያኔማ መርፌው ገብቶ ወጥቷል፤ የገባው መድኃኒትም ተመልሶ አይቀዳም።

የማልስማማበት ግማሽ ከዚህ ይጀምራል። ብዙ ሰው መድኃኒት በደም ውስጥ በጋን እንዳለ ውሃ ተጠራቅሞ የሚቀመጥና በፈለጉት ሰዓት ተቀድቶ የሚለካ ይመስለዋል። ዶክሶሩቢሲን እንዲህ አይደለም። በደም ሥር ገብቶ ሲያበቃ በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ወጥቶ ወደ አካል ክፍሎች ይሰራጫል፤ በደም ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ቅሪት ግን በዝግታ፣ በሰዓታትና በቀናት ነው የሚወርደው። በ10ኛው ደቂቃ የተቀዳው ደምና በ60ኛው ደቂቃ የተቀዳው ደም የሚሰጡት ቁጥር በእጅጉ ይራራቃል፤ ሁለቱም ግን እውነት ናቸው። ስለዚህ የሚፈለገው የአንድ ቅጽበት ቁጥር ሳይሆን ሰውነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለመድኃኒቱ የተጋለጠበት ጠቅላላ ልክ ነው፤ ያንን በትክክል ለማወቅ ደግሞ በየተወሰነ ጊዜ ደጋግሞ መቅዳት ያስፈልጋል። የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጊዜያቸው ታስቦበት በተመረጡ ጥቂት ናሙናዎች ይህን ልክ መተንበይ የሚያስችል ስሌት ለውሾች አዘጋጅተዋል፤ የሚደነቅ ሥራ ነው። ሆኖም ቁጥሩ ተገኘ ብንል እንኳ የሚቀጥለው መርፌ በስንት ይጨመር ወይም በስንት ይቀነስ የሚለውን የሚቆርጥ፣ ሐኪሞች ሁሉ የተስማሙበት ዒላማ ለውሻ ዶክሶሩቢሲን የለንም። የማናደርግበትን ነገር ለማወቅ ሲባል ውሻ ደጋግሞ መውጋት ለእኔ ሕክምና አይደለም።

መውጋት ካልኩ ዘንድ፣ ከመጽሐፍ ይልቅ ከእጅ የሚማሩት ነገር አለ። ናሙናው መድኃኒቱ በገባበት ቱቦ ከተቀዳ፣ በቱቦው ግድግዳ ላይ የቀረችው ጠብታ ብቻ ቁጥሩን ወደ ሰማይ ትሰቅለዋለች፤ ስለዚህ ደሙ ከሌላ ደም ሥር መቀዳት አለበት። ዶክሶሩቢሲን ከደም ሥር ውጭ ቢፈስ ቆዳንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ የሚያበሰብስ በመሆኑ የእግር ደም ሥሮችን ለመርፌው እንቆጥባቸዋለን፤ ለምርመራ የሚሆነውን ደም ከአንገት እንቀዳለን። ያለ ጥያቄ የሚደረግ እያንዳንዱ ተጨማሪ መውጋት ከዚህ ቁጠባ ላይ የሚቀነስ ነው። ለውጭ ሰው ይህ ጥቃቅን ነገር ሊመስለው ይችላል፤ በአምስተኛው ዙር ላይ ጤነኛ ደም ሥር ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ሲታገል ለቆየ ሐኪምና ጠረጴዛው ላይ ተይዞ ለሚያለቅስ ውሻ ግን ጥቃቅን አይደለም።

ታዲያ በግምት ነው የምንሠራው? አይደለም። በእነዚህ መርፌዎች የምንለካው መድኃኒቱን ሳይሆን መድኃኒቱ የሠራውን ነው። ኬሞቴራፒ ፈጥነው የሚባዙ ሕዋሳትን ስለሚመታ የአጥንት መቅኔም አብሮ ይመታል፤ ከዚያ የሚወጡት ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም አብዛኛውን ጊዜ ከመርፌው በኋላ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳሉ፤ በካርቦፕላቲን ዘግይቶ እስከ 14ኛው ቀን ሊሄድ ይችላል። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ1,000 በታች ከወረዱ ውሻው ደህና ቢመስልም ፀረ-ባክቴሪያ እንሰጠዋለን፤ የሚቀጥለውንም መጠን ለመቀነስ እናስባለን። በመርፌው ዕለት ጠዋት የሚገኘው ቁጥር ከ1,500 በታች ከሆነ (ከ2,000 የሚጀምሩም ሐኪሞች አሉ) መርፌው ለቀናት ይዘገያል። ምንም ካልወረዱ ደግሞ መጠኑ ለዚህ ውሻ አንሶ ይሆን ብለን እንጠይቃለን፤ ምክንያቱም ሊምፎማ የተባለው የነጭ የደም ሕዋሳት ካንሰር ባለባቸው ውሾች ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ውስጥ ነጭ ሕዋሳቸው ጎላ ብሎ የወረደባቸው ውሾች በሽታው ሳያገረሽባቸው ረዘም ላለ ጊዜ መቆየታቸውን ያሳዩ አሉ። ይህ ቆጠራ የትም ቦታ ሊሠራ የሚችል፣ በደቂቃዎች የሚደርስ፣ የዚያን ውሻ ጉበትም ኩላሊትም ዘረመልም በአንድነት ያለፈ መልስ ነው። መድኃኒቱን በናኖግራም ከመለካት ይልቅ እኔ ይህን ብመርጥ ኋላ ቀር ልባል አይገባም።

ይሁንና ቆጠራውም ቢሆን ቀኑ ካልታወቀ ከንቱ ነው። አንዲት ባለቤት በ7ኛው ቀን እንድትመጣ ቀጥሬያት፣ ሥራ ስለበዛባት በ3ኛው ቀን መጣች። ረዳት ባለሙያችን ደሙን ቀዳ፤ ውጤቱ ያማረ ሆነ፤ እኔም በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ስለነበርኩ ቁጥሩን እንጂ ቀኑን አላየሁም፤ ሁላችንም ደስ አለን። በ8ኛው ቀን ሌሊት ውሻው በትኩሳት እየነደደ መጣ፤ ኒውትሮፊሉ 400 ነበር። በፈሳሽና በፀረ-ባክቴሪያ ከአራት ቀን በኋላ ድኖ ወጣ። በ3ኛው ቀን የተገኘው ቁጥር ሐሰት አልነበረም፤ ለሌላ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር።

በደም ውስጥ የማይገኝ፣ በካርድ ላይ ግን ሊለካ የሚገባው ሌላም ቁጥር አለ። ዶክሶሩቢሲን የልብን ጡንቻ የሚጎዳው በአንድ መርፌ ሳይሆን ከዙር ዙር እየተደመረ ነው፤ በውሾች ዘንድ ድምሩ በካሬ ሜትር ከ180 እስከ 240 ሚሊግራም ሲደርስ ማቆም የተለመደ ነው። በካሬ ሜትር 30 የሚወስድ ውሻ በስድስተኛው መርፌ 180 ይሞላል። ውሻው በመሀል ክሊኒክ ከቀየረ ይህን ድምር ይዞለት የሚሄድ ከባለቤቱ በቀር ማንም የለም።

አሁን የደም ልኬት በእርግጥ ወደሚጠቅምበት ልምጣ። ቶሴራኒብ፣ በንግድ ስሙ ፓላዲያ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለውሾች ካንሰር ሕክምና ተብሎ የጸደቀ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው። መቅኔን ከመምታት ይልቅ በእጢው ሕዋስ ላይ ያለውንና ኪት የሚባለውን የማዘዣ ቁልፍ የሚዘጋ በመሆኑ የነጭ ሕዋስ ቆጠራ ስለ እርሱ የሚነግረን ጥቂት ነው። በመመሪያው ላይ የተጻፈው በኪሎ 3.25 ሚሊግራም ሲሆን፣ በዚያ መጠን ብዙ ውሾች ስለሚታመሙ በተግባር ከ2.5 እስከ 2.75 ሚሊግራም እንሰጣለን። ይህ ቅነሳ መድኃኒቱን ዋጋ ቢስ ያደርገው ይሆን የሚለው ስጋት የተቃለለው ደሙ ተለክቶ ነው፤ በዚህ ዝቅ ባለ መጠን የታከሙ ውሾች ኪኒኑን ከወሰዱ ከ6 እስከ 8 ሰዓት በኋላ በፕላዝማቸው (የደም ሕዋሳቱ ሲለዩ በሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ በአማካይ ከ100 እስከ 120 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ተገኝቶባቸዋል፤ ቁልፉን ለመዝጋት ይበቃል ከሚባለው ከ40 በእጅጉ የሚበልጥ ነው። እዚህ ላይ የደም ልኬቱ አንድ ትክክለኛ ጥያቄ ቀርቦለት ትክክለኛ መልስ ሰጥቷል።

ገጹን ቆርጦ የመጣው ሰው የያዘው ውጤት ላይ ግን ናሙናው የተቀዳበትና የመጨረሻው ኪኒን የተዋጠበት ሰዓት የሚሞላበት ቦታ ባዶ ነበር። ጠየቅሁት፤ አስቦ ከኪኒኑ ሰባት ሰዓት ያህል ዘግይቶ እንደነበር ነገረኝ። እንግዲያው 85 መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከሚደርስበት ከፍተኛ ጫፍ አጠገብ የተያዘ፣ ደህና የሚባል ቁጥር ነው። ያው 85 ከሚቀጥለው ኪኒን በፊት፣ ማለትም በ48ኛው ሰዓት ላይ ተቀድቶ የተገኘ ቢሆን ኖሮ ቀደም ሲል እጅግ ከፍ ካለ ጫፍ ወርዶ እዚያ የደረሰ ነበር ማለት ነውና መጠኑን ለመቀነስ አስብ ነበር። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ተቃራኒ ውሳኔ፤ የሚለያቸው ሰዓቱ ብቻ ነው።

የሰዓቱ ጥያቄ አንዳንዴ ደሙ ሳይቀዳም መልስ ያስገኛል። እጢዋ በዚሁ መድኃኒት መቀነስ አቁሞ ማደግ የጀመረባት አንዲት አሮጊት ውሻ ነበረች፤ ባለቤቷ ኪኒኗን የሚሰጥበትን ቀን በደብተር የሚመዘግብ ጠንቃቃ ሽማግሌ ነው። ደም ወስደን ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ልንልክ ቅጹን እየሞላሁ «የመጨረሻውን ኪኒን የዋጠችው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ደብተሩን ገልጦ ጣቱን በመስመሩ ላይ ሲያስኬድ፣ አብሮት የመጣው የልጅ ልጁ «አባባ የሰጣት ሰዓት ነው ወይስ የዋጠችው?» አለ። ልዩነቱን ስንጠይቀው፣ ኪኒኑን ጉንጯ ውስጥ ይዛ ቆይታ አባባ ዞር ሲል ሶፋው ሥር እንደምትተፋው ነገረን። ማታ ሶፋው ሲነሣ አሥራ አንድ ኪኒን ተገኘ፤ አንዳንዶቹ ሽፋናቸው እንኳ አልተነካም። ያ ናሙና ተልኮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዜሮ የሚል ውጤት ከሳምንታት በኋላ ይደርሰን ነበር፤ እኛም መድኃኒቱ አልሠራም ብለን ወደ ሌላ እንሻገር ነበር።

መጠኑ የሚያንሰው ሁልጊዜ ከውሻው የተነሣ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ለውሻ ክብደት የሚስማማ ጥንካሬ በገበያ ካልተገኘ መድኃኒቱ በመድኃኒት ቀማሚ ተመዝኖ በአዲስ እንክብል ይሞላል። በአሜሪካ እንዲህ የተዘጋጁ፣ ሎሙስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት እንክብሎች ሲመረመሩ ከተጻፈባቸው መጠን በጣም ያነሰ የያዙ ተገኝተውባቸዋል፤ እነርሱን የወሰዱ ውሾችም የነጭ ሕዋስ መውረድ በፋብሪካው እንክብል ከታከሙት ይልቅ ያልበዛባቸው ሆነዋል። ላዩን ለሚያይ ይህ መልካም ዜና ይመስላል፤ ነገሩ ግን ውሻው መድኃኒቱን ቻለው ሳይሆን መድኃኒቱ አልደረሰውም ነው። ሎሙስቲን ጉበትን ስለሚጎዳ የጉበት ኢንዛይሞችን ከእያንዳንዱ መጠን በፊት እናያለን፤ የእንክብሉን ምንጭ የመጠየቅ ልማድ ግን በብዙዎቻችን ዘንድ ደካማ ነው፤ ራሴን ጨምሮ።

ራሴን ካነሣሁ አይቀር የገዛ ስህተቴንም ልናገር። የአንጎል እጢ ያለባቸው ውሾች የሚጥል ሕመም ስለሚነሣባቸው ከካንሰሩ ሕክምና ጎን ለጎን ፌኖባርቢታል ይወስዳሉ። በካንሰር ክፍላችን ውስጥ በደም መለካት በየዕለቱ የሚያገለግለን መድኃኒት ቢኖር ይኸው ነው፤ በሚሊ ሊትር ከ15 እስከ 35 ማይክሮግራም የሚል በሰፊው ተቀባይነት ያለው ክልል አለው፤ የሚገባውና የሚወጣው እስኪመጣጠን ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል፤ ጉበቱን እያነቃቃ ራሱ የሚሰባበርበትን ፍጥነት ስለሚጨምርም በዚያው መጠን እየተሰጠ ከወራት በኋላ በደም ውስጥ ሊያንስ ይችላል። ከላይ ስለ ሰዓት ካልኩት ይህ መድኃኒት በመጠኑ ይለያል፤ ቀስ ብሎ የሚወርድ ስለሆነ ጥቂት ሰዓት ወዲህ ወዲያ ቢባል ብዙ አይጎዳም። እኔን የጣለኝ ሰዓቱ ሳይሆን የደም ቱቦው ነው።

አንድ የሰባት ዓመት ውሻ መድኃኒቱን እየወሰደ ሕመሙ ስለተነሣበት ደሙን ቀዳሁ፤ ውጤቱ 19 መጣ። ቦታ አለን ብዬ መጠኑን በግማሽ ጨመርኩለት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሻው እንደ ሰከረ እየተንገዳገደ፣ ቀን ሙሉ እየተኛ፣ ሲነቃም ያገኘውን ሁሉ እየበላ እንደሆነ ባለቤቷ ስልክ ደወለችልኝ። ደግሜ ስለካ 38 ሆነ። ሂሳቡ አልገጥም አለኝ፤ 19 በግማሽ ቢጨመርበት 28 ወይም 29 እንጂ 38 አይደለም። የመጀመሪያውን ናሙና ዱካ ተከትዬ ስሄድ፣ ደሙን የቀዳሁት ሴረሙን፣ ማለትም ደሙ ሲረጋ የሚቀረውን ፈሳሽ፣ ከሕዋሳቱ የሚለይ ጄል ባለበት ቱቦ መሆኑንና ከመለካቱ በፊት ሌሊቱን እዚያው ጄል ላይ አድሮ እንደነበር ደረስኩበት። ጄሉ ፌኖባርቢታልን እየመጠጠ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል፤ ይህን ተማሪ ሳለሁ ተምሬው ነበር። እውነተኛው መጠን ያኔም 25 አካባቢ ሳይሆን አልቀረም፤ ማለትም ሕመሙ የተነሣበት ከመድኃኒት ማነስ ሳይሆን ከእጢው ማደግ ነበር። ለባለቤቷ እውነቱን ነገርኳት፤ መጠኑን ቀንሰን እብጠት የሚያስታግሰውን ፕሬድኒሶሎን አስተካከልን። ከዚያ ወዲህ ጄል የሌለበትን ቱቦ ራሴ ካላነሣሁ ለዚህ ምርመራ ደም አልቀዳም።

እንግዲህ ጽሑፉ ክሊኒኮችን በሁለት ከፍሎ የሚለኩት ዘመናዊ፣ የማይለኩት ግምተኛ እንደሆኑ አድርጎ ማቅረቡን የምቃወመው ለሙያዬ ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም። ከዚያ ጽሑፍ ወዲህ ወደ እኔ የመጡ ባለቤቶች የመድኃኒቱ መጠን በደም ይለካልን ሲሉ፣ በምን ሰዓት ተቀድቶ፣ ውጤቱስ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ምን ልንለውጥ ነው የሚለውን የጠየቀኝ አንድም አልነበረም። አንዲት ባለቤትማ ቪንክሪስቲን በተሰጠ በሳምንቱ ይለካልኝ ብላ አጥብቃ ያዘችኝ፤ መድኃኒቱ በካሬ ሜትር ከ1 ሚሊግራም በታች የሚሰጥ በመሆኑ በዚያ ቀን በደም ውስጥ የምናገኘው ነገር ለውሳኔ የሚሆን አልነበረም፤ በዚያው ቀን የሚያስፈልጋት የነጭ ሕዋስ ቆጠራ ግን እንዳይቀር ስል ረጅም ክርክር ገጠምኩ። በአንጻሩ ቶሴራኒብ እየወሰደ ያለ ውሻ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩን፣ የደም ግፊቱ ከፍ ማለት አለማለቱን ይታይልኝ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጽሑፉ ስላላነሣቸው ይመስለኛል፤ መድኃኒቱ የሚጎዳው ግን በእነዚህ በኩል ነው።

ለማስተካከያው የምጠይቀው ይህ ነው። በሚቀጥለው እትማችሁ፣ ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ፣ ለቶሴራኒብ የተጠቀሰው 40 ማይክሮግራም 40 ናኖግራም ተብሎ እንዲታረም፤ የሚለካውም በሙሉ ደም ሳይሆን በፕላዝማ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር መሆኑ እንዲገለጽ፤ ከተቻለም ናሙናው ኪኒኑ ከተዋጠ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚቀዳ አንድ መስመር እንዲጨመርበት። የሰውየው ውሻ በነበረችበት መጠን ቀጥላለች። ሰውየው የውጤቱን ወረቀት መልሶ ሲያጥፍ ባዶው ቦታ ላይ በእጁ «7 ሰዓት» ብሎ ጻፈበት፤ የእናንተን ገጽ ግን እኔ ዘንድ ትቶት ሄዷል፤ ማስተካከያው ሲወጣ አብሬ ላያይዝለት ቃል ገብቼለታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የእንስሳት ሐኪም